ፕሮግራም ይሄዳል፣ ፋይል ይቀራል

እስቲ አንድ ነገር አብረን እንሞክር። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ካሉት የወርድ ጽሑፎች አንዱን ኮፒ አድርጉና ኮፒውን በወርድ ሳይሆን በኖትፓድ ክፈቱት። ገጹ በማይነበብ ምልክት ጢም ብሎ ይሞላል፤ አትደንግጡ፣ ፋይሉ ደህና ነው። ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁለት ምልክቶች ብቻ ተመልከቱ። ፒ እና ኬ የሚባሉት ትልልቅ የላቲን ፊደላት ናቸው። አሁን ሌላ የወርድ ጽሑፍ ክፈቱ። እዚያም ፒ እና ኬ። ኤክሴል ክፈቱ፣ ፓወርፖይንት ክፈቱ፤ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ወይም በድሮው ዓይነት የተቀመጠ ካልሆነ በስተቀር እነዚሁ ሁለት ፊደላት መግቢያው ላይ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ።

ፊደላቱ የአንድ ሰው ስም መነሻ ናቸው። ፊል ካትዝ የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1989 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዚፕ የተባለውን ፋይል ማሸጊያ ዘዴ ሲያወጣ የራሱን ስም መነሻ በእያንዳንዱ እሽግ ራስጌ ላይ አስቀመጠ። ካትዝ በ2000 ገና በ37 ዓመቱ ሞተ። ከሰባት ዓመት በኋላ ማይክሮሶፍት በኦፊስ 2007 አዲሱን የወርድ ፋይል ዓይነት ሲያመጣ የገነባው በዚፕ ላይ ስለሆነ፣ ዛሬ በየቤቱና በየቢሮው የሚጻፈው ማመልከቻ ሁሉ የሰውየውን ስም ይዞ ይዞራል።

ነገሩ ከታሪክነቱ አልፎ ለእጃችን የሚጠቅም ነው። የወርድ ፋይል በእውነቱ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች የታሸጉበት ዚፕ ነው። ሰቨን ዚፕ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ፤ ኢጎር ፓቭሎቭ የሚባል ሩሲያዊ ከ1999 ጀምሮ የሚሠራው ነው። ፋይሉ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ እንደ ማኅደር ክፈተው በሉት። ውስጡ «ወርድ» የሚል ፎልደር አለ፤ እሱ ውስጥ ደግሞ «ሚዲያ» የሚል። ጽሑፉ ላይ የለጠፋችኋቸው ፎቶዎች በሙሉ እዚያ ተደርድረዋል፣ አንድ በአንድ አውጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ጽሑፉ ራሱ «ዶኪዩመንት» በሚል ፋይል ውስጥ በተራ ጽሑፍ ተቀምጧል። አንድ ቀን ወርድ «ይህ ፋይል ተበላሽቷል፣ አልከፍትም» ቢላችሁ በዚህ የጓሮ በር ገብታችሁ ብዙውን ነገር ማዳን ይቻላል። እኔ በዚህ መንገድ የአንዲት ጎረቤቴን ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ሥዕሎችና ምዕራፎች አውጥቼላታለሁ፤ የቀራት ገጾቹን መልሶ ማስተካከል ብቻ ነበር።

ለቤቴ ፕሮግራም ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀውም ከዚህ የመጣ ነው። ምን ይሠራል፣ ምን ያህል ያምራል የሚለው ይቆየኝና፣ ሥራዬን በምን መልክ አስቀምጦልኝ ይሄዳል? ነገ ፕሮግራሙ ቢጠፋ፣ ቢወደድ ወይም አዲሱ ኮምፒውተሬ አልቀበልም ቢለው፣ ፋይሌን ሌላ ፕሮግራም ይከፍተዋል? ፕሮግራም በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ የጻፍነው፣ የቀዳነውና ያነሳነው ግን የእኛው ነው። ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ሊያነሳ የሚገባው ደግሞ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ነው።

የሰፈራችን እድር መተዳደሪያ ደንብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ደንቡ ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ጽሕፈት ቤት ተተይቦ በዲስክ ተቀምጦ ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ፋይሉን ወደ ቤቴ ይዘውት መጡና ስንከፍተው «አንቀጽ» መሆን የነበረበት ቦታ ላይ የላቲን ፊደል፣ የፐርሰንት ምልክት፣ የጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ተቀላቅሎ ወጣ። ጸሐፊው፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ «ቫይረስ በልቶታል ማለት ነው?» አሉኝ። ፋይሉን ምንም አልነካውም። ሲጻፍም እንደዚያው ነበር፤ ያኔ አማርኛ ሆኖ ይታይ የነበረው ፎንቱ ስለነበረ ብቻ ነው።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ማወቅ ብዙ ነገር ያስረዳል። ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። በድሮው አሠራር ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቦታ ከ256 ቁጥሮች አንዱ ነበር፤ ከእነዚህም የተወሰኑት ለማሽኑ የውስጥ ትእዛዝ የተያዙ ናቸው። ለእንግሊዝኛ ይህ ተርፎ ይበቃል። የእኛ ፊደል ግን 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ሏ፣ ቧ፣ ኳ፣ ጓ የመሳሰሉት ዲቃላዎች፣ የግእዝ ቁጥሮችና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው ይሞላና ይፈሳል። ስለዚህ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ሰዎች ዘዴ ፈጠሩ። አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፋፈሉት፤ ሌሎቹ የፊደሉን ገላና ቅጥያውን ለየብቻ እያስቀመጡ ገጣጠሙት። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ደግሞ በዚያ ቁጥር ቦታ የሀ ወይም የለ ሥዕል ይሥላል። እነዚያ ባለሙያዎች ማንም ባላገዛቸው ጊዜ አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጡ ናቸውና ትልቅ ክብር ይገባቸዋል። ችግሩ ሁሉም የየራሱን ቁጥር መስጠቱ ነበር። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ በሌላው አይነበብም፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ጋሼ ያዩትን ዓይነት ትርምስ ይወጣል።

ይህን የፈታው ዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን የማይደገም ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት ሲሆን፣ የእኛ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 በተባለው እትም ነው፤ ያኔ 345 ምልክቶች ተመዘገቡ። አቀማመጡ ደግሞ ሲያዩት ደስ ይላል። ሀ 4608 ነው፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610፤ እንዲህ እያለ ይቀጥልና ለ 4616 ላይ ይጀምራል። እያንዳንዱ ፊደል ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ዓይነቶች፣ ስምንተኛው ለዲቃላው። የፊደል ገበታ ላይ በጣታችን እየጠቆምን የተማርነው ተራ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ ገብቷል ማለት ነው። ሰላም ብላችሁ ስትጽፉ ፋይሉ ውስጥ የሚገቡት 4656፣ 4619 እና 4637 ናቸው፤ አዲስ አበባም ይሁን ቴል አቪቭ፣ ስልክም ይሁን ኮምፒውተር፣ እነዚህ ቁጥሮች ሰላም ከመሆን ሌላ ምርጫ የላቸውም። በዓይናችሁ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ኖትፓድ ከፍታችሁ ሰላም ብቻ ጻፉና አስቀምጡት፣ ከዚያ የፋይሉን መጠን እዩ። 9 ባይት ይላችኋል፤ ለአንድ ፊደል 3 ባይት ነው።

እጃችሁ ላይ ያለ የቆየ ጽሑፍ ዩኒኮድ መሆን አለመሆኑን የምትለዩበት መንገድ ቀላል ነው። ጽሑፉን በሙሉ ምረጡና ፎንቱን ወደ ኢብሪማ ወይም ኒያላ ቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፣ እፎይ በሉ። ወደ ላቲን ትርምስ ከተለወጠ ግን የድሮው አሠራር ነውና ዛሬ ነገ ሳትሉ ገልብጡት። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ካጣችሁት ከአማራጭ ፎንቶች ዝርዝር ውስጥ ይወርዳል። አቢሲኒካ እና ኖቶ የሚባሉትም በነፃ የሚገኙ ጥሩ ፎንቶች ናቸው።

የእድሩን ደንብ የገለበጥነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የድሮውን ፎንት ፈልጌ ጫንኩና ጽሑፉ በትክክል ሲታይ ፒዲኤፍ አደረግሁት፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ ከዚያ ወዲያ የትም ቢከፈት መልኩ አይለወጥም። ይህ ማመሳከሪያችን ሆነ። ቀጥሎ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር መገልበጫ አሳለፍነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሰው ነው፦ ጋሼ ከታተመው ፒዲኤፍ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ ስክሪኑ ላይ እከተላለሁ። የሚሳሳተው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ነው። ቧ፣ ኳ፣ ጓ ይዛባሉ፤ የግእዝ ቁጥሮች ወደ ሌላ ምልክት ይለወጣሉ፤ አራት ነጥቡ አንዳንዴ ሁለት ሁለት ነጥብ ሆኖ ይወጣል። እነዚህን ካወቃችሁ ቀሪው ንባብ በፍጥነት ያልፋል።

የእኛ ነገር ግን ዩኒኮድ ሆኖም አያበቃም። የእድሩ አባላት ዝርዝር ውስጥ ፀሐይ የሚባሉ ሴት እንፈልግ። መዝጋቢው ጸሀይ ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፀሃይ፣ ወይም ጸሐይ። ለእኛ ጆሮ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ቁጥሮች ስለሆኑ አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን «የለም» ይላችኋል። መፍትሔው እጅግ ደስ ያሰኘኛል። ሊብረ ኦፊስ ራይተር ላይ ኮንትሮልና ኤች ተጫኑ፣ ከአማራጮቹ ውስጥ «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያም እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ

ትርጉሙ «መጀመሪያ ከእነዚህ ሁለቱ አንዱ፣ ቀጥሎ ከእነዚህ ስድስቱ አንዱ፣ መጨረሻ ላይ ይ» ማለት ነው። በአንድ ፍለጋ 12 አጻጻፎች ተያዙ። ዓለሙን ለማግኘት [አኣዐዓ]ለሙ በቂ ነው። ወርድም «ዋይልድካርድ» የሚለው አማራጭ ሲበራ ይህንኑ ቅንፍ ይቀበላል። የስም ዝርዝር፣ የተማሪ መዝገብ ወይም የደንበኛ ስልክ የያዘ ሰው ይህን ቢለምድ በቀን ውስጥ የሚቆጥበው ጊዜ ቀላል አይደለም።

ሊብረ ኦፊስን ካነሳሁ ዘንድ፣ ፕሮግራሙ በ2010 ኦፕን ኦፊስ ከተባለው ወጥቶ የተመሠረተ ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ነው። ለቤት ሥራ ይበቃል ብዬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ፦ ደብዳቤ፣ የወጪ መዝገብ፣ የልጆች የቤት ሥራ። ራሱ የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት ከ2006 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነ ስለሆነ ማንኛውም ፕሮግራም ሠሪ ሊያነበው ይችላል፤ እሱም ዚፕ ነው። ደካማ ጎኑ ሠንጠረዥና ሥዕል የበዛበት የወርድ ጽሑፍ ሲከፍት መስመሩን ሊያንሸራትት መቻሉ ነው። ስለዚህ ለማተሚያ ቤት ወይም ለመሥሪያ ቤት የምትልኩትን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ምርጫዎቹ ውስጥ ገብታችሁ ፕሮግራሙ በየስንት ደቂቃው የመጠባበቂያ ቅጂ እንደሚይዝ እዩ፤ እኔ በየ2 ደቂቃው አድርጌዋለሁ።

ወደ ቪዲዮ እንሂድ። «ይህ ፊልም ኮምፒውተሬ ላይ አልከፍት አለ» የሚለው ቅሬታ በየቤቱ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ሰው ጥፋቱን የሚፈልገው በስሙ መጨረሻ ላይ ባለው ቅጥያ ነው፤ ኤምፒ4 ነው፣ ኤምኬቪ ነው፣ ኤቪአይ ነው ይባላል። ቅጥያው የሚነግረን መሶቡን ነው። ክዳኑ እንደተገጠመ ውስጡ የጤፍ ይሁን የማሽላ እንጀራ አይታወቅም። ሥዕሉና ድምፁ የታመቁበት ዘዴ ኮዴክ ይባላል፤ አንድ ዓይነት ቅጥያ ያላቸው ሁለት ፊልሞች ፍጹም የተለያየ ኮዴክ ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ተከፍቶ ሌላው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ቪኤልሲ ከሁሉም የሚለየው ኮዴኮቹን ከዊንዶውስ ሳይለምን ሁሉንም በራሱ ውስጥ ይዞ መምጣቱ ነው። የተጀመረው በ1996 ፓሪስ አጠገብ ባለው ኤኮል ሴንትራል በተባለ የምሕንድስና ትምህርት ቤት፣ በተማሪዎች ፕሮጀክት ነው፤ ቪዲዮን በግቢያቸው ኔትወርክ ማስተላለፍ ፈልገው ነበር። በ2001 ማንም እንዲወስደው፣ እንዲያይና እንዲያሻሽለው በነፃ ፈቃድ ተለቀቀ። መነሻው ኔትወርክ ላይ እየተቆራረጠ የሚመጣ ቪዲዮን ማሳየት ስለነበር ወርዶ ያላለቀ ወይም ጫፉ የተበላሸ ፋይልም ያለውን ያህል ያሳያል። ፊልሙ እየታየ ኮንትሮልና ጄ ብትጫኑ የመሶቡን ክዳን ከፍቶ የሥዕሉንና የድምፁን ኮዴክ በስም ይነግራችኋል።

ቪኤልሲ ላይ እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ሌላ ነገር ነው። የፊልም ሰብታይትል ፋይል፣ ኤስአርቲ የሚባለው፣ ተራ ጽሑፍ ነው። ኖትፓድ ላይ በእጃችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ። አንድ ቁራጭ ይህን ይመስላል፦

1
00:00:05,000 --> 00:00:08,500
እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ልጆቼ።

ተራ ቁጥር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ከዚያ ንግግሩ፤ ባዶ መስመር ትተዋላችሁና ቀጣዩን ትጽፋላችሁ። ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያሉት ሦስት አኃዞች የሰከንድ ሺኛ ናቸው። ፋይሉን ከቪዲዮው ጋር አንድ ዓይነት ስም ስጡት፣ መጨረሻው ኤስአርቲ ይሁን፣ ሲቀመጥ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጡ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጧቸው። ቪኤልሲ ራሱ ያገናኛቸዋል። አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ በምርጫዎቹ ውስጥ የሰብታይትል ፎንቱን ወደ ኢብሪማ ቀይሩት።

ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። ውጭ አገር ተወልደው አማርኛው የሚያስቸግራቸው የወንድም የእህት ልጆች አሏችሁ? አያታቸው በስልክ ቪዲዮ የተናገሩትን ምርቃት ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ በዕብራይስጥ ወይም በስዊድንኛ ጻፉላቸው። ወይም በተቃራኒው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ያቀረበውን ንግግር ለአያቱ በአማርኛ። እኔ ለእናቴ እንዲህ አድርጌ የሰጠኋት የልጅ ልጇ የምርቃት ቀን ቪዲዮ አለ፤ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ትከፍተዋለች። ቪዲዮው አልተነካም፣ አልተቆረጠም፤ የተጨመረው ጥቂት ኪሎባይት የምትሆን ጽሑፍ ብቻ ናት።

አሁን ወደ ፍላሽ። ለኅትመት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ የተመለሰ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ጠፍተው በቦታቸው ቀስት ያለባቸው አቋራጮች ቁጭ ብለው ያየ ሰው ብዙ ነው። ከመደንገጣችሁ በፊት ፍላሹ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ የተያዘውን ቦታ እዩ። እንደ በፊቱ ሙሉ ከሆነ ፋይሎቻችሁ አሉ። ቫይረሱ ያደረገው «ድብቅ» እና «የሲስተም ፋይል» የሚሉ ሁለት ምልክቶችን ለጥፎባቸው ከዓይናችሁ መሰወር ነው፤ ቀስቶቹን የሠራው ደግሞ እናንተ ስትጫኑ ራሱ እንዲነሳ ነው። ስለዚህ ቀስቶቹን አትንኩ። በፎልደር ምርጫዎች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች ይታዩ በሉ፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሱ፤ ሥራችሁ ብቅ ይላል። የራሳችሁን ሰነዶች ብቻ ወደ ንጹሕ ቦታ ገልብጡና ፍላሹን ፎርማት አድርጉት። ድሮ ፍላሽ ሲሰካ ቫይረሱ ራሱ ይነሳ የነበረበትን በር ማይክሮሶፍት በ2011 ለኤክስፒና ለቪስታ ባወጣው ማሻሻያ ዘግቶታል፤ የዛሬዎቹ የእኛን ጣት የሚጠብቁት ለዚህ ነው።

በእውነት የተሰረዘ ፎቶስ? እዚህም ተስፋ አለ። ካሜራ ወይም ፍላሽ አንድን ፎቶ ሲሰርዝ ፎቶውን አያጠፋም፤ ከማውጫው ላይ ስሙን ፍቆ «ይህ ቦታ ነፃ ነው» ብሎ ይጽፋል። አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የድሮው እዚያው ተኝቷል። ስለዚህ ፎቶ መጥፋቱን እንዳወቃችሁ ካርዱን አውጡት፤ አንድም ተጨማሪ ፎቶ አታንሱበት። ክሪስቶፍ ግሬኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ የሚሠራው ፎቶሬክ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ። ማውጫውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየቃኘ የፋይል መጀመሪያ ምልክት ይፈልጋል። የጄፔግ ፎቶ ሁሉ የሚጀምረው 255፣ 216፣ 255 በሚሉ ሦስት ቁጥሮች ነው፤ ፎቶሬክ እነዚህን ባየ ቁጥር «እዚህ ፎቶ አለ» ብሎ ያወጣል። ስሙ የፎቶ ቢሆንም የወርድ ጽሑፍ፣ ፒዲኤፍና ድምፅም ያወጣል። የፋይሎቹ ስም ግን አይመለስም፤ ተመሳሳይ ስም ካላቸው በመቶ ከሚቆጠሩ ፋይሎች መካከል የናንተን መልቀም አለባችሁ። ያገኘውን የሚያስቀምጠው ደግሞ ሌላ ዲስክ ላይ ይሁን፤ እዚያው ካርድ ላይ ካስቀመጠ እያዳነ ያጠፋል። በላፕቶፖች ውስጥ ያለው ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን ሌላ ነው። እሱ የተሰረዘውን ቦታ ወዲያው ለማጽዳት ትእዛዝ ስለሚቀበል ከዚያ ላይ የጠፋን ፋይል መመለስ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም።

የመጨረሻው ጉዳይ ካሴት ነው፤ ይህን ሥራ ዘንድሮ ብትጀምሩት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የካሴት ማጫወቻ የሚጠግን ሰው በየዓመቱ እያነሰ ነው። በብዙ ቤት የሠርግ ዘፈን፣ የአባቶች ስብከት፣ ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን ከውጭ አገር በድምፅ ተቀድቶ የተላከ ደብዳቤ አለ። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በ1999 በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በ2000 ለሕዝብ የወጣ ነው። ከካሴት ማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ በአንድ ገመድ አገናኙና ቅዱ። ድምፁ ከፍ ሲል የሚታየው አመልካች ጫፉን እንዳይነካ የካሴቱን ድምፅ ቀንሱ፤ ጫፉን የነካ ድምፅ ይሰነጠቃል፣ በኋላም አይጠገንም።

ከዚያ የካሴቱ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለ። ማንም ከመናገሩ በፊት ያለችውን አንድ ሁለት ሰከንድ ምረጡና ለፕሮግራሙ «ጫጫታው ይህ ነው» ብላችሁ አስተምሩት፤ ቀጥሎ ሙሉውን መርጣችሁ ይኸው ይቀነስ በሉት። ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ባለው ውስጥ ብትቆዩ ይሻላል። ከዚያ ካለፈ ከጫጫታው ጋር የተናጋሪውም ድምፅ ይላጣል፤ ስ እና ሽ ይደበዝዛሉ፣ ጨ እና ጸ አይለዩም። ጥቂት ሽሽታ ቀርቶ የሰውየው ድምፅ እንደነበረ ቢሰማ እመርጣለሁ፤ ያልተነካውን ቅጂም ሁልጊዜ ለብቻ አስቀምጣለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይለያቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ኦዳሲቲ ላይ «ሴቭ» ስትሉ የሚቀመጠው የኦዳሲቲ የራሱ ፕሮጀክት ነው፤ ስልክ አይከፍተውም፣ ቪኤልሲም አይከፍተውም። ድምፁ ከፕሮግራሙ ወጥቶ ራሱን የቻለ ፋይል የሚሆነው «ኤክስፖርት» ስትሉ ነው። ምን ዓይነት ይሁን? ሒሳቡን እንሥራው። የሲዲ ጥራት ማለት በሰከንድ 44,100 ጊዜ ድምፁን መለካት ነው፤ እያንዳንዱ ልኬት 2 ባይት ይይዛል፣ ስቴሪዮ ሲሆን ሁለት ቻናል አለ። በሰከንድ 176,400 ባይት መጣ ማለት ነው፤ የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ 635 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት ካሴት ከሆነ ሞኖ አድርጉት፣ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ዌቭ የሚባለው ነው። ፍላክ ደግሞ ከድምፁ አንዳች ሳይጥል የተናጋሪን ካሴት ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ የአሠራሩ ዝርዝር ለሁሉም ክፍት ነው። ኤምፒ3 በ128 ኪሎቢት ያንኑ 60 ደቂቃ ወደ 58 ሜጋባይት ያደርሰዋል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ጆሮ አይለየውም ያለውን ክፍል ለዘለዓለም በመጣል ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም አውጡ። ፍላኩ የቤቱ ቅጂ ይሁንና ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ይቀመጥ፤ አንደኛው ዲስክ ሌላ ዘመድ ቤት ቢሆን ይመረጣል። ኤምፒ3ው በቴሌግራም ለቤተሰቡ ግሩፕ ይላክ። ኤክስፖርት ስታደርጉ ስለ ፋይሉ የሚጻፍበት ትንሽ ቅጽ አለ፤ በአማርኛ ይቀበላል። የተናጋሪውን ስም ከነአባቱ፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት፤ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ዓ.ም. ብላችሁ፣ በፈረንጅ ከሆነ እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩት። የተናጋሪው ዘመዶች ዛሬ በሕይወት ካሉ ደግሞ ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉላቸው፤ ከበስተጀርባ የሚስቁት እነማን እንደሆኑ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።